ባሕር ማዶ ለመማር ስለ ማመልከት

በየመኝታ ቤቱና በየምግብ አዳራሹ ከሚነሡት ጥያቄዎች አንዱ «ውጭ አገር ለመማር ምን ያስፈልጋል?» የሚለው ነው። ጥያቄው ሲነሣ መልስ ሰጪ አይጠፋም። አንዱ «እንግሊዝኛ ማወቅ ነው» ይላል፤ ሌላው «ሰው ያስፈልጋል» ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ «ዕድል ነው እንጂ ሌላ ምን አለው» ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል። እኛ ግን ነገሩ በዕድል ብቻ የሚገኝ ሳይሆን የራሱ ሥርዓትና ጊዜ ያለው ሥራ መሆኑን፣ ይህንንም ሥራ ማንም ተማሪ ሊማረው እንደሚችል ለማስረዳት ይህን ጽሑፍ አቅርበናል።

የምንናገረው ለመጀመሪያ ዲግሪ ወደ አሜሪካ ኮሌጆች ስለ ማመልከት ነው። አሜሪካን የመረጥነው ከሌላው ትበልጣለች በማለት አይደለም። ለመጀመሪያ ዲግሪ የሚመጣውን የውጭ አገር ተማሪ ወጪ በሙሉ የሚችሉ ኮሌጆች በርከት ብለው የሚገኙት እዚያ ስለ ሆነ ነው። «የኢትዮጵያ» ብለን ካልለየን በቀር የምንጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

«እኛ እኮ ዩኒቨርሲቲ ገብተናል፤ ይህ ምን ያደርግልናል?» የሚል አንባቢ ይኖራል። መልሳችን ሁለት ነው። አንደኛ፣ ከመካከላችን ገና በአንደኛ ዓመት ያሉና አሳቡን ያልተዉ ብዙዎች ናቸው፤ እነርሱን የሚመለከት ልዩ ጉዳይ ስላለ ወደ ታች እናነሣዋለን። ሁለተኛ፣ እያንዳንዳችን በቤታችን ወይም በመጣንበት ትምህርት ቤት አሥረኛና አሥራ አንደኛ ክፍል የሚማር ወንድም፣ እኅት ወይም የጎረቤት ልጅ አለን። ለዚያ ልጅ ዩኒቨርሲቲ የገባ ሰው ማለት ያውቃል ተብሎ የሚጠየቅ ሰው ማለት ነው። የማያውቅ መካሪ ደግሞ ከዝምታ ይልቅ ይጎዳል።

1ኛ/ ዱሮና ዘንድሮ

በአያቶቻችን ዘመን ባሕር ማዶ የሚያሻግረው በር አንድ ነበር ለማለት ይቻላል። መንግሥት ይመርጣል፤ መንግሥት ይከፍላል፤ ተማሪው ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል። ከኢጣሊያ ወረራ በፊት በኦሃዮ ክፍለ ሀገር በሙስኪንገም ኮሌጅ፣ ኋላም በዋሽንግተን በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና የተማሩት ዶክተር መላኩ በያን በዚህ ዓይነት መንገድ ከተላኩት አንዱ ናቸው። በ1950 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ከተከፈተም በኋላ ከምሩቃኑ ብዙዎቹ ለተጨማሪ ትምህርት የሄዱት ተመርጠው ነበር።

ዛሬ በሩ ብዙ ነው፤ ነገር ግን ማንም መጥቶ አይጠራም። ተማሪው ራሱ ሄዶ ማንኳኳት አለበት። እዚህ ላይ ነው አዲስ ልዩነት የተፈጠረው። በከተማው ውስጥ ከፍ ያለ ክፍያ የሚጠይቁ ትምህርት ቤቶች ተማሪውን በዚህ ጉዳይ ብቻ የሚመክር ሠራተኛ ቀጥረው ያስቀምጣሉ። በአንድ ወረዳ ከተማ የሚገኝ የመንግሥት ትምህርት ቤት ግን ርዕሰ መምህሩ ራሳቸው ፎርሙን አይተውት አያውቁም። የሁለቱ ትምህርት ቤቶች አንደኛ ተማሪዎች ቢመዘኑ በአእምሮ ላይበላለጡ ይችላሉ። አንዱ ቀኑንና ሥርዓቱን ያውቃል፤ ሌላው የሚሰማው ቀኑ ካለፈ በኋላ ነው። እንዲህ ያለው ልዩነት ከገንዘብ ልዩነት ይልቅ በቀላሉ ሊጠፋ የሚችል ነው፤ ምክንያቱም ዕውቀትን ለሌላ ያካፈለ ሰው የራሱ አይጎድልበትም።

2ኛ/ ከሁሉ በፊት፤ ማን ይከፍላል?

ብዙ ተማሪ ሥራውን የሚጀምረው የኮሌጆችን ስምና ዝና በመቁጠር ነው። እኛ ግን የመጀመሪያው ጥያቄ «ማን ይከፍላል?» የሚለው መሆን አለበት እንላለን። አንድ የታወቀ የግል ኮሌጅ ለአንድ ዓመት ትምህርት፣ መኝታና ምግብ የሚጠይቀው ሒሳብ ዛሬ ከ80,000 ዶላር በላይ ነው። ቁጥሩ ያስደነግጣል፤ ሆኖም ይህን ሙሉ ሒሳብ የማይከፍሉ ተማሪዎች ብዙ መሆናቸውን ማወቅ ያስፈልጋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ለምሳሌ የአንድ ኮሌጅ የዓመት ወጪ 85,000 ዶላር ቢሆን፣ ቤተ ሰቡም በዓመት ከ1,000 ዶላር በላይ ሊከፍል የማይችል መሆኑ በማስረጃ ቢታወቅ፣ የቀረው 84,000 ዶላር የተማሪው «ችግር» ተብሎ ይመዘገባል። «የተረጋገጠ ችግርን በሙሉ እንሸፍናለን» የሚሉ ኮሌጆች ይህን 84,000 ዶላር ራሳቸው ይችላሉ፤ ከዚያም ውስጥ ጥቂቱን፣ ለምሳሌ 2,500 ዶላር ያህሉን፣ ተማሪው በቤተ መጻሕፍት ወይም በምግብ ቤት ሠርቶ እንዲያገኘው ያደርጋሉ።

ኮሌጆቹን በዚህ ረገድ በሦስት መክፈል ይቻላል።

ሀ/ አቅም ሳያዩ የሚቀበሉ። እነዚህ አመልካቹን ሲመርጡ ገንዘብ መጠየቁንና አለመጠየቁን በሚዛን ላይ አያስቀምጡም፤ ከተቀበሉትም በኋላ ችግሩን በሙሉ ይሸፍናሉ። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤም አይ ቲና አምኸርስት ለውጭ አገር ተማሪ ይህን ደንብ ከያዙ ቆይተዋል። በ2022 ዳርትመዝና ቦውደን ተጨመሩ፤ ብራውንም በ2025 ከሚገቡት ተማሪዎች ጀምሮ ተቀላቀለ። በሩ የጠበበ መሆኑን ግን እንወቅ፤ ከእነዚህ መካከል ሃርቫርድና ኤም አይ ቲ ከ100 አመልካች 5 እንኳ አይቀበሉም።

ለ/ አቅም አይተው የሚቀበሉ፣ ከተቀበሉ ግን ችግሩን በሙሉ የሚሸፍኑ። እነዚህ ለውጭ አገር ተማሪ የመደቡት ገንዘብ የተወሰነ ስለ ሆነ፣ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ተማሪ ከማይጠይቀው ይልቅ ጠንክሮ መገኘት ይኖርበታል። ስዋርዝሞርና ማካሌስተር ከዚህ ክፍል ናቸው። ማካሌስተር የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ የነበሩት ጋናዊው ኮፊ አናን በ1961 የተመረቁበት ነው። እንዲህ ያሉ ስማቸው በአገራችን እምብዛም የማይነሣ ትንንሽ ኮሌጆች ለኢትዮጵያዊ ተማሪ ከታላላቆቹ ይልቅ ተስፋ ሊሰጡ ይችላሉ።

ሐ/ በውጤት ብልጫ ቅናሽ የሚሰጡ። ብዙ የክፍላተ ሀገር ዩኒቨርሲቲዎች ከዚህ ይመደባሉ። ተማሪው «20,000 ዶላር ስኮላርሺፕ አገኘሁ» ብሎ ይደሰታል። ነገር ግን የዓመቱ ወጪ 45,000 ከሆነ 25,000 ይቀራል፤ በአራት ዓመት 100,000 ዶላር ማለት ነው። የኢትዮጵያ ብር በሐምሌ 2016 የኢትዮጵያ ዓመት በገበያ እንዲመነዘር ከተደረገ ወዲህ ዶላር ከ100 ብር አልፏል፤ በ100 ብር ብቻ ብናስበው እንኳ የቀረው ዕዳ 10 ሚሊዮን ብር ነው። የመቀበያ ደብዳቤው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይቀራል።

ከእነዚህ የተለየ አሠራር ያለው በኬንታኪ የሚገኘው በርያ ኮሌጅ ነው። ይህ ኮሌጅ ከ1892 ጀምሮ ከተማሪዎቹ የትምህርት ክፍያ አይቀበልም፤ በምትኩ እያንዳንዱ ተማሪ በሳምንት ቢያንስ 10 ሰዓት ይሠራል።

እንግዲህ ተማሪው ከ«ሀ» ሁለት ወይም ሦስት፣ ከ«ለ» ደግሞ ስድስት ወይም ሰባት መርጦ ቢያመለክት ይሻላል። የቤተ ሰቡን ገቢ ሲገልጽም እውነቱን ይጻፍ። «ብዙ ከጠየቅሁ አይቀበሉኝም» ብሎ የማይችለውን እችላለሁ ያለ ተማሪ፣ ከገባ በኋላ ተጨማሪ ቢለምን በብዙ ኮሌጆች ደንብ አይሰጠውም። መጀመሪያ ያልጠየቀ የውጭ አገር ተማሪ ኋላ መጠየቅ የማይፈቀድለት ቦታ ብዙ ነው።

ገቢን መግለጫው ፎርም በብዙ ኮሌጆች ሲ ኤስ ኤስ ፕሮፋይል የሚባለው ነው፤ አንዳንዶቹ የራሳቸውን ፎርም ያለ ክፍያ ይሰጣሉ። ፋፍሳ የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት ፎርም ለዜጎችና በሕግ ለተፈቀደላቸው ነዋሪዎች ስለ ሆነ እኛን አይመለከትም። አባት ደመወዝተኛ ከሆኑ ከመሥሪያ ቤታቸው ደብዳቤ ይወጣል። ገበሬ ወይም ቸርቻሪ ከሆኑ ግን የቀበሌ ማስረጃ ከተማሪው ግልጽ ማብራሪያ ጋር መቅረብ አለበት፤ ስንት ኩንታል እንደሚመረት፣ ምን ያህሉ ለቤት ቀለብ እንደሚውል፣ ምን ያህሉ እንደሚሸጥ ቢጻፍ አንባቢው ይገባዋል። በዋሽንግተን ወይም በዓረብ አገር ያለች አክስት በየጊዜው የምትልከው ገንዘብ ካለም ይጻፍ፤ መደበቁ ኋላ በቪዛ ጊዜ ጥያቄ ያስነሣል።

3ኛ/ ኮሌጆቹ የሚያነቡት ምንድን ነው?

እኛ ያደግነው አንድ ፈተና ዕጣችንን በሚወስንበት ሥርዓት ነው። በ2014 የኢትዮጵያ ዓመት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደ ነበሩ አንረሳውም። ስለዚህ ተማሪው ዓይኑን በዚያ ፈተና ላይ ቢተክል አይፈረድበትም። የአሜሪካ ኮሌጆች ግን የሚያነቡት የአራቱን ዓመት ውጤት ነው። እንዲያውም አንድ ተማሪ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለ ቢያመለክት ኮሌጆቹ የሚወስኑት የብሔራዊው ፈተና ውጤት ከመውጣቱ በፊት ነው። የዘጠነኛና የአሥረኛ ክፍል ውጤት ክብደት ያለው በዚህ ምክንያት መሆኑን ታናናሾቻችን ከአሁኑ ሊያውቁት ይገባል።

ትራንስክሪፕት። ውጤቱ ከትምህርት ቤቱ ማኅተም ጋር፣ በእንግሊዝኛ፣ በትምህርት ቤቱ በራሱ መላክ አለበት። እዚህ ላይ አንድ አለመግባባት አለ። በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች 95 ማምጣት የተለመደ ሲሆን፣ ውጤት በማይለግስ የእኛ ትምህርት ቤት 86 የክፍሉ አንደኛ ሊሆን ይችላል። ይህን ያልተነገረው አንባቢ 86ን ሲያይ መካከለኛ ተማሪ ነው ብሎ ያልፋል።

የትምህርት ቤቱ መግለጫ። መድኃኒቱ ይህ ነው። ርዕሰ መምህሩ ፈርመው የሚልኩት አንድ ገጽ ሲሆን፣ በክፍል ስንት ተማሪ እንዳለ፣ ውጤት እንዴት እንደሚሰጥ፣ የዓመቱ ከፍተኛ አማካይ ውጤት ስንት እንደ ሆነ፣ ቤተ ሙከራና ቤተ መጻሕፍት መኖርና አለመኖራቸውን ይገልጻል። አንድ ጊዜ በደንብ ከተጻፈ በየዓመቱ ቁጥሩን እያደሱ ለብዙ ተማሪዎች መጠቀም ይቻላል። ከዚህ የሚበልጥ ጥቅም ያለው አንድ ገጽ ወረቀት በዚህ ጉዳይ ውስጥ አናውቅም።

የመምህራን ደብዳቤ። ብዙውን ጊዜ ከሁለት መምህራንና ከትምህርት ቤቱ አማካሪ ይጠየቃል፤ አማካሪ በሌለበት ርዕሰ መምህሩ ይጽፋሉ። በእኛ አገር የተለመደው ደብዳቤ «ተማሪው ጨዋ፣ ታዛዥና በሥነ ምግባሩ የተመሰገነ ነው» የሚል ነው። ይህ ስለ ማንም ሊባል ስለሚችል ስለዚህ ተማሪ ምንም አይናገርም። መምህሩ አንድ የተለየ ነገር ያስታውሱ፤ ተማሪዋ በሒሳብ ክፍል ውስጥ ሌላ መንገድ አግኝታ ያሳየችበትን ቀን፣ ወይም ተማሪው በራሱ ፈቃድ ደካሞቹን ሲያስጠና የቆየበትን ጊዜ ይጻፉ። ደብዳቤው ሁለት ወር አስቀድሞ በአክብሮት መጠየቅ አለበት። ተማሪው ራሱ ጽፎ መምህሩን ማስፈረም ግን ማታለል ነው።

ፈተናዎች። ኤስ ኤ ቲ የሚባለው ፈተና ከ1600 ይታረማል፤ ከ2023 ጀምሮ ከአሜሪካ ውጭ የሚሰጠው በኮምፒዩተር ሲሆን 2 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ይፈጃል። ከ2020 የወረርሽኝ ዘመን ወዲህ ብዙ ኮሌጆች ይህን ፈተና የግድ ማለት ትተው ነበር፤ ሆኖም ኤም አይ ቲ በ2022፣ ዳርትመዝ፣ ሃርቫርድና ብራውን በ2024 እንደገና ግዴታ መሆኑን አስታውቀዋል። ስለዚህ የእያንዳንዱን ኮሌጅ የዓመቱን ደንብ ማንበብ ያሻል። የእንግሊዝኛ ችሎታ መለኪያዎቹ ቶፍል፣ አይኤልትስና ዱዎሊንጎ ናቸው፤ የቶፍልና የአይኤልትስ ውጤት የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት ስለ ሆነ በጣም ቀድሞ መፈተንም ኪሳራ ነው። ከክፍለ ሀገር የሚመጣ ተማሪ የመንገዱንና የማደሪያውን ወጪ አስቀድሞ ያስብ።

ድርሰት። ከ1,000 በላይ ኮሌጆች በሚጠቀሙበት ኮመን አፕሊኬሽን በሚባለው የጋራ ፎርም (ኤም አይ ቲ የራሱ አለው) ድርሰቱ ከ250 እስከ 650 ቃላት ነው። ከእኛ ተማሪዎች ብዙዎቹ በአገራችን የሦስት ሺህ ዘመን ታሪክ ይጀምሩና በድህነታችን በኩል አልፈው «ሐኪም ሆኜ ሕዝቤን አገለግላለሁ» በሚል ይጨርሳሉ። አሳቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን ጸሐፊውን ከሌላው ሺህ አይለየውም። እናቷ እንጀራ ስትሸጥ የዱቤውን መዝገብ ከስድስተኛ ክፍል ጀምራ የያዘች ልጅ ስለዚያ መዝገብ ብትጽፍ፣ ማን እንደሚከፍልና ማን እንደሚያዘገይ፣ እናቷ ለማን ዕዳውን እንደ ተወችና እርሷ በዚህ ለምን እንደ ተቆጣች ብትናገር፣ አንባቢው ሰው ያያል። ድርሰቱን ለሌላ ሰው ወይም ለኮምፒዩተር ማጻፍ ክልክል ነው፤ ኮመን አፕሊኬሽን ከ2023 ጀምሮ በሰው ሠራሽ አእምሮ የተጻፈውን የራስ አድርጎ ማቅረብን ከማጭበርበር ቆጥሮታል።

ከትምህርት ውጭ ያለ ሥራ። ፎርሙ ለ10 ተግባሮች ቦታ ይሰጣል። «እኔ ክበብ ውስጥ አልነበርሁም» ብሎ ባዶውን የሚተው ተማሪ ብዙ ነው። ታናናሾችን ማሳደግ፣ ሱቅ መጠበቅ፣ ከብት ማገድ፣ የታመመች አያትን ማስታመም ሁሉ በፎርሙ «የቤተ ሰብ ኃላፊነት» ተብሎ የራሱ ስፍራ አለው። በሳምንት ስንት ሰዓት፣ በዓመት ስንት ሳምንት እንደ ሆነ ቆጥሮ መጻፍ ነው።

4ኛ/ ስምና ቀን

ትንሽ የሚመስል ብዙ ተማሪ የሚሰናከልበት ነገር ይህ ነው። እኛ የቤተ ሰብ ስም የለንም፤ ፎርሙ ግን ይጠይቃል። በዘጠነኛ ክፍል ሮስተር ላይ በአንድ ፊደል፣ በፓስፖርት ላይ በሌላ ፊደል፣ በፈተናው ላይ ደግሞ በሦስተኛ አጻጻፍ የተመዘገበ ስም ሦስት ሰው ይሆናል። ደንቡ አንድ ነው፤ በመጀመሪያ ፓስፖርት ማውጣት፣ ከዚያ በኋላ በማንኛውም ወረቀት ላይ የፓስፖርቱን አጻጻፍና አከፋፈል ሳይለውጡ መከተል።

የልደት ቀንም እንዲሁ ነው። ሰባት ወይም ስምንት ዓመት መደመር ብቻ አይበቃም። ጥር 5 ቀን 1999 የተወለደ ሰው በፈረንጅ ጃንዋሪ 13 ቀን 2007 ይሆናል፤ ጥር 5 ቀን 2000 የተወለደ ግን ጃንዋሪ 14 ቀን 2008 ነው፤ በመካከሉ ጳጉሜን ስድስት ስለ ሆነች አንድ ቀን ተገፍቷል።

ሰዓቱንም እናስታውስ። ማመልከቻ የሚዘጋበት 11፡59 የተባለው የምሽት ሰዓት በእኛ ከሌሊቱ 5 ሰዓት ከ59 ነው። ፈተናው በ8 ሰዓት ይጀመራል የተባለም ጠዋት 2 ሰዓት ነው እንጂ ከምሳ በኋላ አይደለም።

5ኛ/ የጊዜው ተራ

የጋራው ፎርም ኦገስት 1፣ ማለት ሐምሌ 25 ቀን ይከፈታል። አስቀድሞ የሚወሰንላቸው አመልካቾች ፎርም በብዙ ኮሌጆች ኖቬምበር 1፣ ማለት ጥቅምት 22 ቀን ይዘጋል። ከዚህ ዓይነቱ አንዱ «ከተቀበላችሁኝ እመጣለሁ» ብሎ ቃል የሚገባበት ስለ ሆነ ለአንድ ኮሌጅ ብቻ ነው የሚደረገው። የመደበኛው ማመልከቻ የሚዘጋው በብዙ ቦታ ከጃንዋሪ 1፣ ማለት ከታኅሣሥ 23 ጀምሮ ባሉት ቀናት ነው። መልስ በመጋቢት ይመጣል፤ ተማሪው የሚመርጥበት የመጨረሻ ቀን በተለምዶ ሜይ 1፣ ማለት ሚያዝያ 23 ነው። የማመልከቻ ክፍያ መክፈል የማይችል ተማሪ በፎርሙ ውስጥ ነጻ እንዲደረግ መጠየቅ ይችላል።

ከዚህ ወደ ኋላ ቆጥረን ስንሄድ ፓስፖርትና የፈተና ምዝገባ በአሥራ አንደኛ ክፍል፣ የኮሌጆች ምርጫና የድርሰት ረቂቅ በክረምት፣ የመምህራን ደብዳቤ በመስከረም መጠናቀቅ አለበት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ በታኅሣሥ የሰማ ተማሪ በታኅሣሥ ከሚያመለክት ለሚመጣው ዓመት ቢዘጋጅ ይሻለዋል።

6ኛ/ ዩኒቨርሲቲ የገባ ተማሪ

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። ሁለተኛ ደረጃን ጨርሶ በዲግሪ ትምህርት ላይ የተመዘገበ ተማሪ በብዙዎቹ ኮሌጆች ዘንድ እንደ አዲስ ገቢ ሳይሆን እንደ ተዛዋሪ ይቆጠራል። የተዛዋሪ ቦታ ደግሞ ጥቂት ነው፤ ለውጭ አገር ተዛዋሪም የሚመደበው ገንዘብ በብዙ ቦታ ያነሰ ነው። ስለዚህ «መጀመሪያ እዚህ ልግባና ኋላ አመለክታለሁ» የሚለው ምክር፣ በቅን ልቦና የሚሰጥ ቢሆንም፣ ተማሪውን ሰፊውን በር አሳልፎ ጠባቡ ፊት ያቆመዋል። ይህን ሳይመዘገቡ በፊት ማወቅ ያስፈልጋል።

አንዳንዶች «እዚህ መማሬን አልጽፍም» ይላሉ። ፎርሙ የተማርህበትን ኮሌጅ ሁሉ ጻፍ ብሎ ይጠይቃልና ይህ ሐሰት ነው፤ ሲታወቅ ከተቀበሉ በኋላም ያስባርራል። አንደኛ ዓመት ላይ ያለ ተማሪ ለየኮሌጁ ጽፎ «በእናንተ ደንብ አዲስ ገቢ ነኝ ወይስ ተዛዋሪ? ለተዛዋሪ የውጭ አገር ተማሪ ገንዘብ ትሰጣላችሁ?» ብሎ ይጠይቅ። ሁለተኛና ሦስተኛ ዓመት ለደረስነው ግን የመጀመሪያውን ዲግሪ በጥሩ ውጤት ጨርሶ ለሁለተኛ ዲግሪ ማመልከት በብዙ ረገድ የተሻለ መንገድ ነው።

7ኛ/ ደላላና ሐሰተኛ ወረቀት

በከተማው ውስጥ «ኮሌጅ እናስገባለን» የሚሉ ደላሎች ሞልተዋል። ፎርም ሞልቶ ገንዘብ መቀበል ብቻውን ወንጀል አይደለም። ነገር ግን መግቢያን ወይም ቪዛን አረጋግጣለሁ የሚል ሰው የሌለውን ሥልጣን ነው የሚሸጠው፤ መቀበል የኮሌጁ፣ ቪዛ መስጠት የኤምባሲው ነው። ደላላው ውጤት ጨምሮ ወይም የባንክ ወረቀት ሠርቶ ቢሰጥ ደግሞ ተማሪው ለዘወትር በሚታይ መዝገብ ላይ በአታላይነት ይጻፋል። ጉዳቱም በእርሱ አያበቃም፤ ከአንድ ትምህርት ቤት ሐሰተኛ ወረቀት የመጣለት ኮሌጅ በሚመጣው ዓመት ከዚያው ትምህርት ቤት የሚመጣውን እውነተኛ ወረቀት በጥርጣሬ ያነበዋል። የሚከፍለው የኋለኛው ልጅ ነው።

8ኛ/ ቪዛ

የተቀበለው ኮሌጅ የገንዘቡን ነገር ካረጋገጠ በኋላ አይ 20 የሚባለውን ወረቀት ይልካል። ተማሪው የሴቪስ ክፍያ፣ ከ2019 ጀምሮ 350 ዶላር የሆነውን፣ ከፍሎ ዲ ኤስ 160 የሚባለውን ፎርም ሞልቶ ለኤፍ 1 ቪዛ ይቀርባል። ክፍያዎች ስለሚለዋወጡ ከመክፈል በፊት የኤምባሲውን ማስታወቂያ ማየት ይገባል። በጁን 2025 የተማሪ ቪዛ ጠያቂዎች የማኅበራዊ መገናኛ ገጾቻቸውን ለሁሉ ክፍት እንዲያደርጉ መታዘዛቸውም መታወቅ አለበት።

የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ ቁጥር 214 ንዑስ «ለ» ቪዛ ጠያቂን ሁሉ፣ ሌላ እስኪያስረዳ ድረስ፣ ሊቀር እንደሚሄድ ሰው ይቆጥረዋል። ማስረዳቱ የጠያቂው ፋንታ ነው። ንግግሩ የሚፈጀው ጥቂት ደቂቃ ስለ ሆነ፣ ምን እንደሚማር፣ ያንን ኮሌጅ ለምን እንደ መረጠ፣ ማን እንደሚከፍልለትና ዲግሪው በአገሩ ለምን ሥራ እንደሚውል በአጭሩና በራሱ ቃል የሚናገር ተማሪ ይሻላል። በቃል የተጠና ንግግር ወዲያው ይታወቃል።

9ኛ/ እንግዲህ ምን እናድርግ?

ሰው ሁሉ ይሂድ አላልንም። መሄድና መቅረት የየራሱ ውሳኔ ነው፤ አገር ውስጥ ተምረው ታላቅ ሥራ የሠሩ ብዙዎች ናቸው፤ ሄዶ ተምሮ አለመመለስም አገርን እንደሚጎዳ በዚህ ግቢ በየጊዜው የተከራከርንበት ጉዳይ ነው። የምንለው በሩ ላለው ብቻ ክፍት፣ ለሌለው ስውር መሆን የለበትም ነው። ውሳኔ የሚባለው የሚመረጥ ነገር እንዳለ ካወቁ በኋላ ነው።

ስለዚህ በሚመጣው ክረምት ወደየአገር ቤታችን ስንሄድ እያንዳንዳችን ሦስት ነገር ብናደርግ ብለን አሳብ እናቀርባለን። አንደኛ፣ ከተማርንበት ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ጋር ተቀምጠን የትምህርት ቤቱን የአንድ ገጽ መግለጫ በእንግሊዝኛ እናርቅቅ። ሁለተኛ፣ በአምስተኛው ክፍል ያስቀመጥናቸውን ቀኖች በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጽፈን በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ እንለጥፍ። ሦስተኛ፣ ደብዳቤ ሊጻፍላቸው የሚገቡ ሁለት ወይም ሦስት ተማሪዎችን መምህራኑን ጠይቀን እንወቅና በሚመጣው መስከረም ጥያቄያቸውን የምንመልስላቸው እኛ እንሁን።

ይህ ሁሉ ከሦስት ቀን በላይ አይፈጅም፤ ወጪውም የወረቀትና የሻይ ነው። ከምናግዛቸው መካከል የሚቀበሉት ጥቂቶች ይሆኑ ይሆናል። የቀሩት ግን ሳያውቁ ከቀሩት ተማሪዎች ጋር አይቆጠሩም፤ ሠርተው፣ ጠይቀው፣ መልስ ተቀብለው ነውና የቀሩት።